ጥዶቹ የሄዱበት

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ ይህን ከወዲሁ ብናገር ይሻለኛል። በር ሲንኳኳ ልቤ ትደነግጣለች፤ ስሜ ከሰው መሀል ተለይቶ ከተጠራ «ምን አጠፋሁ?» እላለሁ። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። የኔ እናት በጨቅላነቴ ስለሞተች ፍርሃቴን ሁሉ የቻሉት አጎቴ ጋሼ ይማም ናቸው። ያሳደጉኝም የዳሩኝም እሳቸው ናቸው። የማጫውታችሁ ታዲያ ገና ሳልዳር እኚህን ሰውዬ ላጣቸው የደረስኩበትን ነገር ነው። ከአንድ ጠዋት እስከ ማግስቱ ጠዋት ያለ ጉዳይ ነው፤ ግን ወላሂ ዛሬም ሳወራው እጄ ያልበኛል።

ያን ጊዜ ሐይቅ ከተማ የችግኝ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ደሴ ላይ ጥቂት ወራት ሠልጥኜ መጣሁና ከሐይቁ ዳር ባለችው ጣቢያ ላስቲክ ውስጥ አፈር የሚሞሉ፣ የሚዘሩ፣ ውኃ የሚያጠጡ ሴቶችን አሠራ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። የሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን አልፎ ሰው ገና ትንፋሹን እየሰበሰበ ሳለ ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ ከከተማው በላይ ያለው ራቁት ኮረብታ በዛፍ ይሸፈንና የሕዝብ መናፈሻ ደን ይሁን፣ ሠርቶ አደሩ በእረፍት ቀኑ ከጥላው ሥር ተቀምጦ ሐይቁን እያየ ይዝናና ተባለ። የከተማው ሰው ሳቀ። «ነፋስማ መች ቸግሮን ያውቃል፤ የቸገረን እህል» አሉ አንዲት ጎረቤታችን፣ ያውም በስብሰባ ላይ፣ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እኔ ደግሞ ለራሴ ወድጄው ነበር። ሰው ተሰልፎ እርዳታ ሲጠብቅ ካየሁበት አገር፣ ሰው ለመዝናናት ብቻ ሲቀመጥ የማይበት ቀን ቢመጣ ምን አለ ብዬ እመኝ ነበር።

ተከላው በዘመቻ ሆነ። ከየቤቱ ሰው ዶማ ይዞ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ስም እየተጠራ፣ የቀረ እየተመዘገበ። የመጣውም እጁ እንጂ ልቡ አልመጣም። ያም ሆኖ ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ችግኙ ተተከለ። ከሁሉ የምሳሳለትን ጥድ እንግዳ በሚሄድበት መንገድ ዳር፣ ከአናቱ ላይ አስተከልኩት። ጥድ ዘሩ ከአፈር በታች ተኝቶ ልብ ያወልቃል፤ ሌላው ሲያድግ እሱ ገና ይነቃል። ጣቢያው ውስጥ የነበረን ሁሉ እዚያ ወጣ፤ መተኪያ አልቀረም። «የአገር ዛፍ ተከልን» ተብሎም ለበላይ አካል ሪፖርት ተላከ። ጥበቃ ሲፈለግ የጋሼ ይማምን ስም ያነሳሁት እኔው ነኝ። ጉልበታቸው አንዱ አይታጠፍም፤ እርሻ አቅቷቸው ነበር። ከአናቱ ላይ የሣር ጎጆ ቀልሰው ብትራቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ደስ አላቸው።

እንግዲህ ያ ጠዋት። ዝናቡ ካቋረጠ ሰነባብቷል። ክረምት መሀል ሰማይ ሲጠራ እኛ አገር ሰው አያወራም። ቀና ይልና ዝም ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በማግስቱ ደግሞ ከክፍለ ሀገር ባለሥልጣናት መጥተው ደኑን ሊጎበኙ ነው። እኔም የደረቀ ካለ ላይ ብዬ በማለዳ ወጣሁ። ከአናቱ ስደርስ ጥዶቹ የሉም።

መጀመሪያ መንገድ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፍየል ቢሆን ቅጠሉን ግጦ ግንዱን ይተወው ነበር፤ ይህ ግን ከነአፈሩ፣ ሥሩ ሳይነካ፣ በእጅ ተቆፍሮ የወጣ ነው። ባዶ ጉድጓድ ከባዶ ጉድጓድ ቀጥሎ ተደርድሯል።

ጋሼ ይማም ከጎጆአቸው ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሆነውን አይተዋል። ማን እንደወሰደው ጠየቅኳቸው። ሐይቁን አዩ፣ ቆይተውም «ተይው ልጄ» አሉኝ። አላየሁም አላሉም፤ እሱ ነው የባሰ ያስፈራኝ። ጋሼ ይማም ውሸት አይሆንላቸውም።

ወዲያው የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጓድ ታደሰ፣ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ደረሰ። ለነገው እንግዳ ሁሉ ነገር መሰናዳቱን ሊያይ ነው የመጣው። ጓድ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሐቁን እንናገር ከተባለ እሱም እንደኔው ፈሪ ነበር። ግን ጠመንጃ ያለው ፈሪ ከጨካኝ ይብሳል። ባዶዎቹን ጉድጓዶች ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ጋሼን ጠየቃቸው፣ ዝም አሉ።

«ይህ አሻጥር ነው» አለ። «ነገ እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ወይ ጥዱ ይገኛል ወይ የወሰደው ይታወቃል። ካልሆነ አጎትሽን ለእንግዶቹ አስረክባለሁ፤ ከነሱ ጋር ደሴ ይወሰዳሉ።»

በዚያ ዘመን በአሻጥር ስም ደሴ መወሰድ ምን ማለት እንደሆነ ለትልልቆቻችሁ ማስረዳት የለብኝም። ለልጆቻችሁ ግን ንገሯቸው፤ መሄጃው እንጂ መመለሻው የማይታወቅ መንገድ ነበር። ጋሼ እያነከሱ ቁልቁል ተወሰዱ። እኔ ያስገባኋቸው ሥራ ነው ብዬ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ያልረገጥኩት ደጅ የለም። ከኮረብታው ሥር ያሉትን ገበሬዎች ጠየቅኩ፤ የግጦሽ መሬታቸው ስለታጠረባቸው ቂም ቢኖራቸው ብዬ ነበር። «እኛማ ብንነቅል ባሕር ዛፉን ነበር የምንነቅል፤ ጥድ ምን አደረገን?» አሉኝ። የሰው አጥር አጮልቄ አየሁ። ጣቢያ ተመልሼ ሴቶቹን አንድ በአንድ ለመንኳቸው። ከላስቲካቸው ላይ ቀና ያለች የለችም። ያውቃሉ አልኩ በልቤ፤ ሁሉም ያውቃሉ፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

ዙሁር ላይ ለጋሼ ምሳ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ተደግፈው፣ ያ የማይታጠፍ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እኔ እያለቀስኩ ነው፣ እሳቸው እጃቸውን ታጥበው መብላት ጀመሩ።

«ሽሮው ጨው አንሶታል» አሉ።

«ጋሼ፣ ይወስዱዎታል እኮ።»

«ይወስዱኛል።»

«ታዲያ ለማን ብለው ነው? ለሌባ ነው?»

ጉርሻቸውን አስቀመጡ። «ሌባ አትበይ» አሉኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ኮስተር ብለው ተናግረውኝ አያውቁም። «አይቼ ፊቴን ያዞርኩበት ነገር ነው። እኔ አንዴ ፊቴን ካዞርኩ መልሼ አላይም። አንቺም ዱዓ አድርጊና ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምኩ። ተናደድኩባቸው፤ ምን ልደብቃችሁ። እኔ እዚህ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ ሰውዬው ስለ ጨው ያወራሉ። ያን ጊዜ ነው ጦይባ ትዝ ያለችኝ። የዛን ቀን ሥራ አልገባችም ነበር።

ጦይባ በክፉው ቀን ከውጫሌ በላይ፣ ከአምባሰል አፋፍ ወርዳ የመጣች ሴት ናት። ከመንገዱ ዳር የነበረው የተረጂዎች መጠለያ ሲፈርስ ሌላው ወደ አገሩ ሲመለስ እሷ ቀረች። ለምን እንደቀረች የጠየቃት የለም። ጣቢያችን ውስጥ ውኃ ታመላልስ ነበር። ንግግር አታበዛም፤ ከሥራ ቀርታም አታውቅም። ወደ ጎጆዋ ሄድኩ፤ የለችም። ጎረቤቷ፣ «ጀሪካኗን ተሸክማ ወጣች» አለችኝ። ወዴት ስላት በእጇ አሳየችኝ፤ ከሐይቁ ወደ ላይ፣ ወደ ኮረብታው ጎን። ሰው ውኃ ሊቀዳ ወደ ሐይቅ ይወርዳል እንጂ ከሐይቅ ውኃ ተሸክሞ ማንም ወደሌለበት ዳገት ይወጣል? እኔም በዚያው ወጣሁ።

ኮረብታው ከተማው ከሚያየው ፊቱ ሌላ በስተጎን የተሰወረ ሸለቆ ቢጤ አለው። የደኑ ክልል እዚያ አይደርስም። ያን ቦታ ከክፉው ቀን በኋላ ማንም በስሙ አይጠራውም ነበር። የመጠለያው ሙታን የተቀበሩት እዚያ ነው። በጥድፊያ ነበር የተቀበሩት፤ ድንጋይ የለ፣ ምልክት የለ። መሬቱ ላይ እብጥ እብጥ ያለ አፈር ብቻ ነበር፤ ለዓይን የሚታክት ያህል ብዙ።

ከእያንዳንዱ ጉብታ ራስጌ አንድ አንድ ጥድ ቆሟል።

ጦይባ ጀሪካኗን እያጋደለች ታጠጣለች። ስታየኝ አልሸሸችም። ቀጥ ብላ ቆመች። በእኛ አገር ቀብር ላይ እርጥብ ቅጠል ይተከላል፤ እርጥብ እስካለ ድረስ ለሟቹ ምሕረት ይለምንለታል ይባላል። የጥድ ደግሞ በበጋም አይረግፍም። ገባኝ። ግን ሁሉም አልገባኝም ነበር።

«እትዬ ጦይባ፣ የማን ናቸው?» አልኳት።

«ልጄ እዚህ ነው ያለው።»

«የቱ ጋ?»

«አላውቅም» አለች። «እሱ ሲሞት እኔም ወድቄ ነበር። ስነቃ ቀብረውታል። የቀበሩትም ሰዎች ቀን ከቀን ሲቀብሩ የቱ የማን እንደሆነ ከየት ያውቁታል? አንዱ ጋ ብቻ ብተክል፣ ሌላኛው ሥር ሆኖ ቢጠብቀኝስ? ለሁሉም ተከልኩ።»

ጋሼ ይማም አይተዋት እንደሆነ ጠየቅኳት። አይተዋታል። አመሻሽ ላይ ስትቆፍር ደርሰው፣ ቆመው አይተዋት፣ ከዚያ ዞር ብለው መስገጃቸውን አንጥፈው መግሪብን ጀመሩ አለች። «ረጅም ሶላት ሰገዱ» አለችኝ። ጨርሳ እስክትሄድ ነው የሰገዱት፤ እሷም ሌሊቱን ስትተክል አድራለች።

መታሰራቸውን አላወቀችም ነበር። ስነግራት ጀሪካኑን አስቀመጠችና ከአጠገቧ ካለው ጥድ ሥር ተንበረከከች፤ በጣቶቿ አፈሩን መጫር ጀመረች። «እመልሳለሁ» አለች። «ለሞተ ብዬ በሕይወት ያለ ሰው አላስወስድም። ሁሉንም እመልሳለሁ፣ አይዞሽ አብሽሪ።» አላለቀሰችም። ያን አፈር ስትጭር ያየኋትን ግን እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን አያታለሁ።

እጇን ያዝኩ። ለምን እንደያዝኩ አላውቅም። ይህን የማደርግ ሰው አልነበርኩም። ብትመልሰው ጋሼ ይፈታሉ፤ ያለቀ ነገር ነበር። ግን «ተይው፣ እዚሁ ጠብቂኝ» ብያት ወደ ቀበሌ ሮጥኩ።

ጓድ ታደሰን ጥዶቹን አግኝቻቸዋለሁ፣ ግን ብቻዎን መጥተው ይዩ አልኩት። ታጣቂ ሳያስከትል መጣ። ሸለቆው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወደፊት አልሄደም። ያኔ ነው ያወቅኩት፤ ቦታውን ከእኔ ይበልጥ እሱ ያውቀዋል። ያስቀበረውም፣ በኋላም ማንም እንዳያነሳው ያዘዘው እሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ርሃብ የሚባል ነገር እዚህ እንዳልነበረ ነው የሚወራው።

«ጥዱ ሲያድግ ከመንገድ ይታያል» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ይቆጥረዋል። ስንት እንደሆኑ ይቆጥራል። ገባሽ? እኔን ነው የሚያስበሉኝ።»

«ለብቻው ከሆነ ይቆጠራል» አልኩት። አፌን ከየት እንዳገኘሁት እንጃ። «መሀል መሀሉን በሌላ ችግኝ ከሞላነው ግን ማንም አይቆጥረውም፤ ደን ነው። ጣቢያው ውስጥ ግራቪሊያም ዋንዛም አለ። ደኑ ሰፋ እንላለን።»

ላቡን ጠረገ። «እስከ ማታ ይህን ሁሉ ማን ይተክላል? ለዘመቻ ስንጠራ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ።»

ያን ጊዜ ጦይባ ከተቀመጠችበት ተናገረች። «ለዘመቻ አትጥሯቸው። ቀብር አለ በሏቸው።»

ጓድ ታደሰ ዞሮ አያት። አልከለከለም። እኔ ወረድኩ። መጀመሪያ ላገኘኋት ሴት ቀብር አለ አልኳት። የማን ብላ ጠየቀች። «የመጠለያው» አልኩ። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ በላይ መንገር አላስፈለገኝም፤ ወሬው ከእኔ በፊት ሮጠ።

አሱር ሳይሰገድ ከተማው ወጣ። በስም ጥሪ ግማሹ የሚቀረው ሰው፣ ሱቅ ዘግቶ፣ እርሻውን ጥሎ፣ ዶማና አካፋ ይዞ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ችግኙን የሚያጓጉዝ ሲጠፋ ወንዶቹ የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን ቃሬዛ አምጥተው፣ ችግኙን በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ጓድ ታደሰ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ያለ ለቅሶ ቀብር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የዶማው ድምፅና የሴቶቹ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አንድ ሼህ ጎንበስ ብለው ቁርዓን ይቀራሉ፤ ከወዲያ ቄሱ ያለ መስቀል፣ ያለ ጥና ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የቱ እስላም የቱ ክርስቲያን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁለቱም በሁሉም ላይ ዞሩ። ከላይ የቀሩትንም ባዶ ጉድጓዶች በግራቪሊያ ሞላናቸው። ለመግሪብ አዛን ሲል ጨረስን።

ጋሼ ግን አልተፈቱም። እንግዶቹ አይተው እስኪሄዱ አይፈቱም አለ ጓድ ታደሰ፤ ነገሩ ከከሸፈ የሚያስረክበው ሰው ያስፈልገው ነበር። አልፈርድበትም። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት መኪኖቹ መጡ። ዋናው ጎብኚ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከደኑ መግቢያ የቆመውን ሰሌዳ አነበበ፣ ሽቅብ ወጣ። ከአናቱ ሲደርስ ግራቪሊያውን አየና ፊቱን አዞረ። «ጥዱስ?»

ጓድ ታደሰ እኔን ያየኛል። እኔ ከኋላ ሆኜ እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ጉርዴ እስኪወዛወዝ። «እዚህ ነፋሱ ይበረታበታል ጓድ» አልኩ፤ «ወደ ጎን አዛወርነው፤ ሕዝቡ ደኑን ጨምሮ አስፋፍቶታል።» ማን ፈቀደ አለ። ጓድ ታደሰ መሬት መሬቱን አየ። «አሳዩኝ» አለ።

ወረድን። መሀል ገባ። ጥዶቹን ተመለከተ፣ ጫማውን ተመለከተ፤ ጉብታ ላይ ሊረግጥ ብሎ እግሩን ወደ ጎን አደረገ። «ለምን በመስመር አልተተከለም?» አለኝ።

«መሬቱ እንዳስቀመጠው ነው ጓድ።»

አየኝ። ይህን ያህል ጊዜ ማንም ሰው አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ታች ተመለከተ፤ በሸለቆው አፍ በኩል የሐይቁ አንድ ጎን ይታያል። «እዚህ ጋ አግዳሚ ወንበር ይደረግ» አለ። «ሰው መጥቶ ይቀመጥ።» ሌላ ቃል አልጨመረም። ገብቶት ይሁን ሳይገባው እስከ ዛሬ ስጠይቅ እኖራለሁ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ወደ ደሴ ተመለሰ።

ጋሼን ራሴ ሄጄ አወጣኋቸው። መንገድ ላይ ምንም አልጠየቁኝም። ቤት ገብተን ምግብ ሳቀርብላቸው ብቻ «ዛሬ ጨው አድርገሻል?» አሉ። ሳቅኩና አለቀስኩ፤ ሁለቱን ባንድ ላይ።

ወንበሩ በእውነት ተሠራ። በመንግሥት ትእዛዝ፣ በመንግሥት እንጨት። ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው አርብ አርብና እሑድ ወደ መናፈሻው ይወጣ ነበር። ሕዝቡ መዝናናት ወደደ ተብሎ ሪፖርት ይላካል። የተቀመጡትን ቀረብ ብሎ ያየ ግን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያያል። በዚያ አገር ለእነዚያ ሙታን ማልቀስ የተፈቀደበት አንድ ቦታ መናፈሻው ነበር።

አንባብያን፣ ከዚያ ወዲህ ደፋር ሆንኩ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። በር ሲንኳኳ ዛሬም እደነግጣለሁ። ግን እየተንቀጠቀጡም መናገር እንደሚቻል ያን ቀን አየሁ፤ ያቺን ያህል ካወቅሁ ይበቃኛል። የእናንተም ከተማ ዳር ጥላ ያለው ቦታ ካለ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት ማን እንደተከለውና ለማን እንደተከለው ጠይቁ።

ጦይባ ወደ አምባሰል ሳትመለስ ሐይቅ ላይ አረጀች። ጥዶቹ ከራሷ በላይ ካደጉ በኋላም በየበጋው ውኃ ታወጣላቸው ነበር፤ አያስፈልጋቸውም ብንላት አትሰማም። አንድ ቀን ከወንበሩ ላይ አብረን ተቀምጠን ሳለ፣ ዓመታትም ስላለፉ ደፍሬ፣ የልጇ ጥድ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አሁንም ልቧ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ድሮ ባወቅሁት ብዬ አላህን እለምን ነበር» አለች። «አሁን ሳስበው፣ ባውቀው ኖሮ አንዱን ብቻ ነበር የማጠጣው።»

ጀሪካኗን አንስታ ወደሚቀጥለው ጥድ ሄደች።